ከጉድባው ወዲህ

በዝግባ ሜዳ ላቀው የሚባል ገበሬ አለ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት አጋማሽ ላይ ወርዶ፣ በስተግራ ባለው የጋሪ መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሩ የተጓዘ ሰው ቤቱን ያገኘዋል። እንደ አገሩ ሰው በቆሎና ጤፍ ይዘራል፤ ከጓሮው በርበሬ አይጠፋም። ሀብታም አይደለም፣ ድሃም አይባልም። ቀበሌ አልመራም፤ ፍርድ ቤት የቆመውም አንድ ጊዜ፣ ያውም ለምስክርነት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ የሚታወቅበት ነገር አለው። ላቀው የሚታወቀው ሩር በመምታት ነው።

ሩር በገና ሰሞን ወንዶች በቆልማማ ዱላ የሚጠልዟት፣ ከጠፍር የተሰራች የጡጫ ያህል ኳስ ናት። ጨዋታውን ሌላውም አገር ይጫወተዋል። ዝግባ ሜዳ ግን ከጨዋታው በፊት የራሷ ሥርዓት አላት። ሩሯ ከዋርካው ሥር በደረቀ ኩበት ላይ ትቀመጥና እችላለሁ ያለ ሁሉ በየተራ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። ሩሯ ከቆመችበት ላይ የመቺው ችካል ይተከላል። ከሁሉ ያራቀ ሰው በሚመጣው ዓመት ቀዳሚውን ምት ይመታል፤ እሱ ሳይመታ ሽማግሌም ሆነ ጎረምሳ ዱላ አያነሳም። ከሜዳው ማዶ ደግሞ ጉድባ አለ፤ እርሻ ከእርሻ የሚለይ፣ በክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ነው። ሩሯን ጉድባውን ያሻገረ ወንድ ስሙ ዓመቱን ሙሉ በየጠላ ቤቱ ይነሳል። ላቀው መጀመሪያ ያሻገረው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አሁን ሃምሳ ሰባት ሞልቶታል፤ ቀዳሚው ምትም ከእጁ ወጥቶ አያውቅም ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም።

መቼም ሰው አንዴ ከፍ ካለ መውረድን የመሰለ ጠላት የለውም። ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት፣ በግንቦት፣ ላቀው ከዋንዛ ላይ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ወጥቶ ወደቀና ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሁለት ወር ተኛ። ሲወጣ ክንዱ ከራሱ በላይ አይነሳም ነበር። ቀጣዩ ገና ሲደርስ ሚስቱ እልፍነሽ ዱላውን ደበቀችበት። እሱ ግን ከጣራ ስር ፈልጎ አገኘውና ወጣ። ሲመታ ዓይኑ እስኪጨልም ትከሻውን አመመው፤ ሩሯ የት እንደሄደችም አላየ። ከማዶ ግን ጩኸት ተነሳ፤ ችካል ተካዩ የሺጥላ ከጉድባው ባሻገር ቆሞ እጁን አወጣለት። ላቀው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከሆስፒታል አልጋ ተነስቶ ጉድባ ማሻገር ለሱ ከሞት መነሳት ነበር።

በሚቀጥለውም ዓመት አሻገረ ተባለ። በሦስተኛውም። ነገር ግን ላቀው ለማንም የማይነግረው አንድ ስጋት በሆዱ ገባ። ጥሩ ምት ሲሆን እጅ ያውቀዋል፤ ሩሯ ከዱላው ስትለቅ ቀጭን ድምፅ አላት። ያቺን ድምፅ ከወደቀ ወዲህ አልሰማትም። "ዘንድሮ ባይሆንልኝስ?" እያለ ያስባል። አገር በተሰበሰበበት ሩሯ ከእግሩ ስር ተንከባልላ ብትቀር፣ ስሙም ከሷ ጋር እዚያው ሜዳ ላይ እንደሚቀር ያውቃል። ስለዚህ ዱላውን በየዓመቱ ያከብደው ጀመር። ወይራ ይመርጣል፣ ወፍራም ይመርጣል፣ ጫፉ ላይ ብረት እስከመጠቅለል ደረሰ።

ልጁ ውዳሴ ፍኖተ ሰላም የስፖርት መምህርት ናት። ኅዳር ላይ ቤተሰብ ልትጠይቅ መጥታ ያንን ዱላ ከግድግዳው ጥግ አገኘችውና በሁለት እጇ አነሳችው።

"አባ፣ ይኸ ዱላ ነው ወይስ ሞፈር?"

"ራቅ እንዲል ነዋ። ጉልበት ሲቀንስ ብረት ይጨመራል።"

ውዳሴ ስቃ ስልኳን አወጣችና አንድ ነጭ ሱሪ የለበሰ ፈረንጅ አሳየችው። ፈረንጁ የእርግብ እንቁላል የምታህል ነጭ ኳስ መሬት ላይ አስቀምጦ በቀጭን ዘንግ ይመታል። ኳሷ ሄዳ ሄዳ ከስልኩ ትጠፋለች። ጎልፍ ይሉታል አለችው።

"ይኸ ሰውዬ እህል ቀምሶ ያውቃል? ክንዱ እኮ የኔን ጣት አያህልም" አለ ላቀው።

"እሱ ነው የምልዎት። ሩቅ የሚያስኬዳት የዱላው ክብደት አይደለም፤ ሩሯ ጋ ሲደርስ ያለው ፍጥነት ነው። ከባዱን ዱላ ክንድዎ ይጎትተዋል እንጂ አያስሮጠውም። እጅዎንም አንቀው ይይዛሉ። መጀመሪያ ወገብዎ ይዙር፣ ክንድዎ ይከተል። ሩሯን ሲነኩም አይቁሙ፣ አልፈው ይሂዱ።"

ላቀው ለይምሰል "እሽ" አላት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሩር የመታን ሰው፣ ጡት ሳትጥል ያዘላት ልጅ በስልክ ስታስተምረው ምን ይበል? ከሄደች በኋላ ግን ሩሯን ይዞ የጤፍ ቃርሚያው ወዳለቀበት ማሳ ወጣ። ሞከረ፤ አልሆነለትም። ወገቡን ሲያዞር እግሩ ይስታል፣ እጁን ሲያላላ ዱላው ሊያመልጠው ይደርሳል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሩሯን ስቶ ኩበቱን ብቻ በተነው፣ እልፍነሽም ከደጃፍ ሆና አየችው።

ነገሩ የገባው በውድማ ላይ ነው። በሬዎቹ የጤፉን ነዶ እየረገጡ ሲዞሩ አንዱ በሬ ቆመበትና ላቀው ጅራፉን በአየር ላይ አጮኸ። አጮኸና ራሱ ክው አለ። ጅራፍ የሚያጮህ ሰው ጡንቻውን አያሳይም። ክንድ ይቀድማል፣ እጅ ላላ ብሎ ይከተላል፣ ከሁሉ ኋላ የቀረው ጫፍ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ቀድሞ ይጮኻል። አንቆ የያዘው ሰው ራሱን ይገርፋል እንጂ ድምፅ አያወጣም። የጎጃም ልጅ ሆኖ፣ ቡሄ በመጣ ቁጥር ጅራፍ ሲገምድ አድጎ፣ ይህን ለሩር አለማሰቡ አናደደው። በሬዎቹን እዚያው ትቶ ወደ ቤት ሄደና ከቆጥ ላይ አንድ ቀለል ያለ፣ ከጫፉ ቆልመም ያለ የክትክታ ዱላ አወረደ።

ውዳሴ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ የትምህርት ቤቱን የርዝመት መለኪያ ሜትር ይዛ መጣች። እያንዳንዱን ምት ለኩ። በአሮጌው በብረቱ ዱላ ሲመታ ሩሯ ስልሳ አራት ሜትር ላይ ቆመች። በክትክታው ስልሳ ስምንት። ላቀው ሜትር ብዙም አይገባው እንጂ ቁጥር ሲጨምር ይገባዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ማሳው ላይ አሥር አሥር ጊዜ ይመታል። ትከሻው ሲያመው ያርፋል። ልጁ ባትኖር እንኳ ሩሯ የምትቆምበት ላይ ድንጋይ እያስቀመጠ በየቀኑ ያያል። ታኅሣሥ ሲጋመስ ሰባ ዘጠኝ ደረሰ። ያቺን ቀጭን ድምፅም ሰማት። ስትጮህለት ብቻውን ማሳ መሃል ቆሞ እንደ ሞኝ ሳቀ።

"በስልሳ አራቱ ጉድባ ካሻገርሁ፣ በሰባ ዘጠኙ የት ልትደርስ ነው?" አላት ውዳሴን። "ከየሺጥላ የበርበሬ መደብ ነው የምትገባው!"

እንግዲህ ሰው ሲደሰት የማያስፈልገውን ይለካል። የታኅሣሥ ገብርኤልን አንግሠው ሲመለሱ ሜዳው ባዶ ነበርና ላቀው "እስቲ ከዋርካው እስከ ጉድባው ስንት እንደሆነ እንየው፤ በስንት እንደማልፈው ልወቅ" አለ። ውዳሴ ሜትሩን ከቦርሳዋ አወጣች። እሱ ጫፉን ይዞ ዋርካው ስር ቆመ፣ እሷ እየዘረጋች ሄደች። ሜትሩ ሃምሳ ላይ ያልቃል። ችካል ተክለው ቀጠሉ። ጉድባው አፋፍ ላይ ስትደርስ ውዳሴ ቁጥሩን ጎንበስ ብላ ሁለት ጊዜ አየችው።

"ስንት ነው?"

"ዘጠና ሁለት ነው፣ አባ።"

"ተሳስተሻል።"

እንደገና ለኩ፤ ዘጠና ሁለት። በሦስተኛው ላቀው ራሱ ዘረጋ፤ ያው ነው። "ይች ሜትር ፀሐይ አኮማትሯት ይሆናል" አለ። "የመንግሥት ዕቃ መቼ ይታመናል?" ውዳሴ ሜትሯን እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች። ላቀው ከዋርካው እስከ ጉድባው፣ ከጉድባው እስከ ዋርካው ደጋግሞ ተመለከተ። በዓይኑ ስልሳ አራቱን ፈለገው፤ ከሜዳው ወገብ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚቀረው። አንድ ዓመት ስህተት ይሆናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ሩር እግር አውጥታ ጉድባ አትሻገርም።

ቤት ሲገባ እልፍነሽ ሽሮ እየነፋች ነበር። ቆሞ አያት።

"እልፍነሽ፣ አንች ታውቂ ነበር?"

ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ወንፊቱን አስቀመጠች። "ምን ላድርግ?" አለች። "የዚያን ቀን ስታለቅስ አይቼህ የለም?"

የሺጥላ የላቀው እኩያ፣ የክርስትና ወንድሙ ነው፤ አጥሩም ካጥሩ ይዋሰናል። ላቀው በዚያው እግሩ ሄደበት። የሺጥላ የበርበሬ መደቡን ሲኮተኩት አገኘውና ሰላምታም ሳይሰጠው ጠየቀው። የሺጥላ ለመካድ አልሞከረም።

"የመጀመሪያው ዓመት ከሜዳው ግማሽ ላይ ነው የቀረችው፣ ወንድማለም። አንተን ቀና ብዬ ሳይህ ትከሻህን ይዘህ ጎብጠሃል። ሰው ሁሉ ሩሯን ከቦ አቧራው ተነስቷል። በእግሬ ገፋኋት። ከኔ ቀጥሎ ያለውም ገፋት፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ማንም ለማንም አልተናገረም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብዬ ነበር። በዓመቱ ደግሞ እንዴት ልመልሰው? ምን ብዬ?" ኩትኮታውን ትቶ ቆመ። "እንደው እባክህ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።"

"ጌታ ባይቆጣም አይታለልም" አለ ላቀው። "እውነተኛው ማን ነበር? ከሁሉ ያራቀው?"

"መልካሙ። ያለፉትን ሁለት ዓመት ጉድባውን አሻግሯል። ችካሉን ወዲህ አመጣሁበት። እሱም ያውቃል። 'ይሁን፣ ለአያ ላቀው ይሁን' ነው ያለኝ።"

ላቀው ይህን ሲሰማ ውሸቱን ሁሉ ረስቶ ሌላ ነገር ትዝ አለው። መልካሙ ቡሬ ላይ ባጃጅ የሚነዳ፣ ለገና ለገና ወደ አባቱ ቤት የሚመጣ የሠላሳ ዓመት ቀጭን ሰው ነው። ላቀው ባለፈው ገናም፣ በካቻምናውም ገና፣ አገር በሰማበት ትከሻውን እየመታ ይመክረው ነበር። "ጉልበት ጨምር እንጂ! ዱላውን አንቀህ ያዝ! ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ክንድ አይወጣም፣ ና ኮትኩት!" ሰው ይስቅ ነበር። መልካሙም ዝቅ ብሎ "እሽ፣ አያ ላቀው" ይል ነበር። ጉድባውን ያሻገረው ሰው፣ ግማሽ ሜዳ ላይ የቀረውን ሰው "እሽ" ሲለው! ላቀው በዚያ ቀን እንዳፈረ አፍሮ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ማሳው ላይ አልወጣም። ብዙ ነገር አሰበ። አሞኛል ብሎ ቢቀር ሁሉም ይረዳለታል፤ ቀዳሚው ምትም በሰላም ወደ ሌላ ያልፋል። እልፍነሽም ይህንኑ መከረችው። ምክሯ መጥፎ አልነበረም፤ አገራችን ስንቱን ነገር በዚህ መንገድ አብርዳ ታኖራለች። ነገር ግን ከቀረ፣ ችካሎቹ ሁሉ እንደተተከሉ ይቀራሉ። መልካሙም "ያኔ አያ ላቀው ላይ አልደረሰም" እየተባለ ይኖራል። ሌላም ነገር ነበረ። ያቺ ቀጭን ድምፅ። ሰባ ዘጠኙን ማንም አልገፋለትም። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ አገር ያላየለት ትልቁ ሥራው እሱ ነው፣ እሱን ደብቆ መቅረት አንጀቱ አልቻለም። ከገና ሦስት ቀን ሲቀረው የክትክታ ዱላውን ይዞ ወጣ።

የገና ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አገር ሁሉ ሜዳው ላይ ነበር። ከፍኖተ ሰላም የመጡት በጋሪ፣ ከቡሬ የመጡት በባጃጅ ደርሰዋል። የሺጥላ እንደ ልማዱ ችካሉን ይዞ ወደ ጉድባው ሊወርድ ሲል ላቀው ጠራው።

"ዛሬ አንተ እዚህ ከኔ ጋር ትቆማለህ። ችካሉን ስጠኝ።" ከዚያ ወደ ማዶ ለቆሙት ድምፁን ከፍ አደረገ። "ዛሬ ሩሯን ማንም በእግሩ እንዳይነካብኝ! የቆመችበት ትቁም!"

ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን፣ ወጣቶቹ ጫማቸውን አዩ። ማወቁን ሁሉም አወቀ።

ላቀው ኩበቱ ላይ ያለችውን ሩር አያት። እጁን አላላ። ወገቡን ወደ ኋላ ቀስ አድርጎ ወሰደ፣ ከዚያ ለቀቀው። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። ሩሯ ዝቅ ብላ በርራ፣ ሁለት ጊዜ ነጥራ፣ በደረቁ ሣር ላይ ተንከባለለች። ማዶ ካሉት መካከል አንድ ሁለት እግር በልማድ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ተመለሰ። ሩሯ ከጉድባው አሥር እርምጃ ያህል ቀርቷት ቆመች።

ያጨበጨበ የለም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ "ወይ ጉድ!" ሲሉ ተሰማ። ላቀው ሜዳውን ቀስ ብሎ አቋርጦ ሄደና ችካሉን በገዛ እጁ፣ በድንጋይ ቀጥቅጦ ተከለው። ሲተክል ከዋርካው ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካ፤ ሰማንያ ያልፋል። ማንም ባያውቅለት እሱ ያውቃል፤ ከስልሳ አራት ተነስቶ ነው እዚህ የደረሰው፣ በዚያ ትከሻ፣ በዚህ ዕድሜ። ደስ አለው። ደስታውን ለማን እንደሚነግረው ግን አያውቅም ነበርና ወደ ዋርካው ተመለሰ።

"መልካሙ ይምታ" አለ።

መልካሙ ከሰው መካከል እየተገፋ ወጣ። ላቀውን ቀና ብሎ አላየውም። ዱላውን አንስቶ መታ። ሩሯ ለስለስ ብላ ሄደች፣ ተንከባለለች፣ ከላቀው ችካል ሁለት እርምጃ ቀርቷት አረፈች። ሰው እፎይ አለ፤ ማጨብጨብም ጀመረ። እንዲህ ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው መልካሙ።

ላቀው ግን ያን ጊዜ ተቆጣ። ሚስቱንና ጓደኛውን ያልተቆጣው ሰው ያን ጊዜ ተቆጣ።

"ድገም!"

"ሥርዓቱ እኮ አንድ ምት ነው፣ ላቄ" አለ የሺጥላ በቀስታ።

"ሥርዓቱን ሦስት ዓመት ያፈረስነው እኔና አንተ ነን። ዛሬ ደግሞ አንዴ ለሱ ይፍረስለት።" ሩሯ ስትመጣለት ራሱ ጎንበስ ብሎ ኩበቱ ላይ አስቀመጣት። "መልካሙ፣ ልጄ፣ ስማኝ። ቅድም የመታሁት የራሴ ነው። ብዙ የደከምሁበት ነው። አንተ አውቀህ ካሳጠርህ የኔንም መልሰህ ውሸት ታደርግብኛለህ። ካከበርኸኝ ምታ።"

መልካሙ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ዱላውን ወደ ኋላ ወሰደና መታ። ድምፅዋን የሰማ ሁሉ ሩሯን ሳያይ ነገሩን አወቀው። ሩሯ ከላቀው ችካል በላይ በአየር አለፈች፣ ጉድባውን ተሻገረች፣ ከማዶው ቃርሚያ ውስጥ ገባች። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፤ ለሦስት ዓመት ታፍኖ የቆየ ጩኸት ነበር።

ላቀው ዱላውንና ሌላ ችካል ይዞ ወደ ማዶ ሄደ። ጉድባውን ለመዝለል እግሩ ስላልታዘዘለት ወርዶ፣ በእጁ ተደግፎ ወጣ። ሩሯ ከቆመችበት ላይ ችካሉን ተከለ። ሲመለስ መልካሙ ጉድባው አፋፍ ላይ እጁን ዘርግቶ እየጠበቀው ነበር። ሊስመው ጎንበስ አለ፤ ላቀው ግን ጉልበቱን ሳይስምበት ቀድሞ ትከሻውን ያዘው። ሰው ሁሉ ምርቃት ወይም ምክር ጠበቀ፤ በየዓመቱ መክሮታልና።

ላቀው የክትክታ ዱላውን አቀበለው።

"ያልሁህን ሁሉ እርሳውና" አለው፣ "ስትይዘው እጅህን እንዴት እንደምታደርገው እስቲ ለኔ አሳየኝ።"